የፔግና የዋልተር ዕርቅ

ክሊፎርድ በኦልደም ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእሑድ እግር ኳስ ሲዳኝ ኖሯል፤ ሲያረጅ ፊሽካውን ሰቀለ እንጂ አመሉን አልሰቀለም። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከተነጋገሩ መሀል ገብቶ ካልገላገለ ሰላም አያገኝም። በጥንቸሎቹ ላይ የመጣውም ጣጣ ከዚሁ አመሉ ነው።

ፔግ የራሱ ናት፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ቤቱ በስሟ የተመዘገበ የሚመስላት ሴት ጥንቸል። ወንዱ ጥንቸል ዋልተር ደግሞ የታላቅ እህቱ የዶሪን ነው። ዶሪን በኅዳር ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ አረጋውያን መጦሪያ ስትገባ፣ "እስክመለስ ያዝልኝ፤ ብርዱ ሲያልፍ ቤቴ እገባለሁ" ብላ ሰጠችው።

ሁለቱም በሐኪም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ዋልተር ተኮላሽቷል፣ የፔግም ማሕፀን ወጥቷል። ስለዚህ የመዋለድ ነገር የለም፤ ጠቡ ግን አለ። በመጀመሪያው ቀን ሳሎን ውስጥ ቢያገናኛቸው ፔግ የዋልተርን ጀርባ ነጭታ አፏን በጠጉር ሞላችው። ክሊፎርድ በሽቦ ለያያቸው። ከዚያ ወዲህ ዋልተር ጥግ ይዞ ድርቆሹን እየተወ መጣ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የጀርባ አጥንቱ ወጣ።

ክሊፎርድ ማክሰኞ ማክሰኞ ሊጠይቃት ሲሄድ ዶሪን፣ "ተስማሙ?" ትለዋለች። "እንዴታ፣ አብረው ነው የሚተኙት" ይላታል። በመጨረሻ፣ "እስቲ ፎቶ አምጣ" አለችው።

ጭንቅ ሲለው፣ ባለቤቶቻቸው የተዉአቸውን ጥንቸሎች እጓሮዋ ሰብስባ ለምታኖረው ለግሌኒስ ደወለ።

"ሳሎኑ የማን ነው?" አለችው።

"የኔ ነዋ።"

"ያንተስ አይደለም፣ የፔግ ነው። የማታውቀው ሰው ገብቶ ወንበርህ ላይ ቢጋደም ምን ይሰማሃል? ሁለቱም ረግጠውት የማያውቁት ቦታ ውሰዳቸው። መታጠቢያ ገንዳ አለህ?"

"አለኝ።"

"ፎጣ አንጥፍና እዚያ አስገባቸው። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ። ካልሆነላቸው ዋልተርን ለኔ አምጣው፤ የሚስማማው ጓደኛ ያለበት ቤት እፈልግለታለሁ። ብቻውን ግን ይህን ብርድ አያወጣም።"

ዋልተርን ለሰው ሰጠሁት ብሎ ለዶሪን ከመንገር ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

ገንዳው ውስጥ ነገሩ ይሻል ነበር፤ ዳኛው ግን አላስቀምጥ አላቸው። ፔግ ዋልተርን ገፋ ስታደርገው እጁን መሀል ይከታል። ላዩ ላይ ስትወጣ ያወርዳታል። ዋልተር ሲሸሽ ሁለቱንም አንሥቶ ወደየጥጋቸው ይመልሳቸዋል። በማግስቱ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። በስድስተኛው ቀን ግሌኒስ ራሷ መጣችና የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግታ ተቀመጠችበት፤ ዳኝነቱንም አየች።

"እንዲህ እያደረግህ እስከ ፋሲካም አይታረቁም" አለችው።

"ጥፋት እኮ ነው። ላዩ ላይ ወጣችበት።"

"አለቃው እኔ ነኝ ልትለው ነዋ። ንግግሯን ሳትጨርስ ታቋርጣታለህ። ደም ካላየህ እጅህን አታስገባ።"

"ካልቻልኩስ?"

"እጆችህን ቂጥህ ሥር አድርገህ ተቀመጥባቸው፣ የኔ ጌታ።"

ተቀመጠባቸው። ፔግ ላዩ ላይ ወጣች፤ ዋልተር ሮጠ፤ አባረረችው፤ ጥቂት ጠጉር ተነጨ። ክሊፎርድ ላብ በላብ ሆነ። በዳኝነት ዘመኑ እንዲህ የፈተነው የፍጻሜ ግጥሚያ ትዝ አላለውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዋልተር ሩጫው ሰለቸውና አገጩን ፎጣው ላይ ዘርግቶ ጭንቅላቱን ከአፏ ሥር አስገባ። ፔግ ብዙ ቆየች። ከዚያ ግንባሩን ላሰችው።

"በቃ" አለች ግሌኒስ ካፖርቷን እያነሣች። "ከእንግዲህ መለየት የለም። አንዱ ቢታመም እንኳ ሐኪም ቤት ሁለቱንም ነው የምትወስደው። ከተለያዩ ጠባቸው ይመለሳል።"

ማክሰኞ ፎቶውን ይዞ ሄደ። ዋልተር የካሮት ቅጠል ይበላል፤ ፔግ ጎኑ ተጋድማለች። ዶሪን መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"አሁን ገና ነው የታረቁት፣ አይደል?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ውሸት አትችልበትም፣ ክሊፍ። ስትዋሽ ስኳር የሌለበት ሻይ ታማስላለህ።"

ክሊፎርድ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ዓርብ ዕለት ነው።"

"አንዴ ከተጣመሩ እንደማይነጠሉስ ታውቃለህ?"

ግሌኒስ ነግራው ነበር፤ ነገሩ የገባው ግን አሁን ነው። ያን ሁሉ ቀን ሲለፋ ዋልተርን ማትረፉን ብቻ ነበር የሚያስበው፤ ዶሪን ጥንቸሏን መልሳ ልትወስድ እንደማትችል አንድም ቀን አልመጣበትም። አፈረ።

"ቤትሽ ስትገቢ ሁለቱንም አመጣልሻለሁ" አላት። "ፔግንም ውሰጃት።"

ዶሪን ፎቶውን የውሃ ብርጭቆዋ ላይ አስደግፋ አቆመችው።

"የቤቴ ቁልፍ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለ" አለች። "የኪራይ ቤት ነውና ለማዘጋጃ ቤቱ መልስልኝ። ቤት ለማግኘት ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።"

ክሊፎርድ አልተከራከራትም። መሳቢያውን ከፈተ።