የቱሉ ሰባተኛ ኮከብ

መብራት በፈረቃ በሆነባቸው ዓመታት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ፊቱ የሚበራ ሰው ቢኖር ገመዳ ብቻ ነበር። ሰፈርተኛው ሻማ ፍለጋ ሲደናበር፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛ ተቀምጦ ሲራገም፣ እሱ ቴሌስኮፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደ ጓሮ ይወጣል። "ገመዳ ነው ያጠፋብን" እየተባለ ስንት ተሳቀበት። ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ ንድፍ የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው። ቴሌስኮፑን የገዛው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሸጠ ፈረንጅ ነው። ሌላው ፍሪጅና ፍራሽ ሲሻማ እሱ ያንን ቱቦ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ሚስቱ ዳርቱ ለሚያፈሰው ጣሪያቸው አሸንዳ የገዛ መስሏት መርቃው ነበር።

ገመዳ የሚመኘው አንድ ነገር ነው። በኅዳር ጀንበር ከጠለቀች በኋላ በምሥራቅ በኩል ብቅ የሚሉትን፣ እንደ ወይን ተጠጋግተው የተንጠለጠሉትን ያንን የከዋክብት ዘለላ አጥርቶ ፎቶ ማንሳት። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ሰማይ ግን ቁሙ ሲሉት አይቆምም። ካሜራው ብርሃን እስኪጠግብ ከዋክብቱ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ትንፋሹን ውጦ፣ የቴሌስኮፑን እጀታ በሁለት ጣቱ በቀስታ እያዞረ ይከተላቸዋል። ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ከዋክብቱ ተጎትተው እንደ ሩዝ ይወጣሉ። ሁለት ኅዳር ሙሉ ያነሳው ሁሉ ሩዝ ነበር።

አባቱ አባባ ሰቦቃ አብረዋቸው ይኖራሉ። ድሮ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ተዳፋት ገብስ ያርሱ ነበር፤ መሬቱ ባሕር ዛፍና ቤት ሲሆን ዘበኝነት ገብተው ጡረታ ወጡ። በልጅነታቸው ከወንድማቸው ከቱሉ ጋር ማማ ላይ ሆነው ገብሱን ከጃርትና ከዝንጀሮ ሲጠብቁ፣ ያንኑ ዘለላ ይቆጥሩ ነበር። ሰቦቃ ስድስት ይላሉ፤ ቱሉ ሰባት። ሰቦቃ ሳቁበት፤ "ውሸታም" ብለው ለሰፈሩ አወሩበት። ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። ቱሉ ካደገ በኋላ በሬ ሲሸጥም፣ ለሰው ምስክር ሲቆምም "ሰባቱ ቱሉ መጣ" እየተባለ፣ ሳይታመን ኖሮ ሞተ።

እናም ሽማግሌው በየምሽቱ በርጩማቸውን ይዘው ቴሌስኮፑ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንዴ በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። ሰባተኛዋ ካለች፣ ቱሉ መቃብር ላይ ቆመው የሚሉት ነገር አላቸው።

ችግሩ ካሜራው የሚገጠመው ዓይን በሚጠጋበት ቦታ ላይ ነው። ካሜራው ካለ ሰው ማየት አይችልም። ይነቀል ከተባለ ደግሞ ገመዳ ሲያስተካክል ያመሸው ሁሉ ይፈርሳል፤ እንደገና እስኪያስተካክል መብራቱ ይመጣል።

"ቆይ አባባ፣ ይቺን ላንሳና።"

"ዛሬን ብቻ፣ ለአንድ አፍታ።"

"ፎቶው ሲሳካ ትልቅ አድርጌ አሳትሜልህ እስኪበቃህ ታየዋለህ። ምን አስቸኮለህ?"

ሽማግሌው ፈገግ ብለው በርጩማቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። በማግስቱም ይመጣሉ። ዳርቱ አንድ ቀን "ኧረ ሰውዬ፣ ለካሜራህ የሰጠኸውን ቦታ ለአባትህ አበድር" ብትለው፣ ገመዳ ሳቀና እጀታውን ማዞሩን ቀጠለ።

ከዚያ አባባ ሰቦቃ ብርጭቆ መሳት፣ በደፍ መደናቀፍ ጀመሩ። ገመዳ እርጅና ነው አለ። ክረምት ላይ ሐኪም ዘንድ ሲወስዳቸው ግን የዓይን ግፊት መሆኑ ተነገረው። እይታን ከዳር ወደ መሃል እያጠበበ የመጣ፣ የወሰደውንም የማይመልስ በሽታ ነው። ሐኪሟ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው አምና፣ ወደ ኅዳር ገደማ አሉ። ገመዳ "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ነግረውት ነበር፤ በየምሽቱ፣ "ዛሬን ብቻ" እያሉ።

ሦስተኛው ኅዳር ሲመጣ ሽማግሌው ቀንና ሌሊቱን የሚለዩት በድምፅ ሆነ። ፎቶው የተሳካውም ያን ጊዜ ነው። አንድም ሩዝ የለበትም፤ ሁሉም ነጥብ ነጥብ ብለው፣ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሰው ወጡ። ገመዳ ጉርድ ሾላ በትልቁ አሳትሞ ይዞ ገባና አባቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉበት።

"ለስላሳ ነው" አሉ። ቆይተው፣ "አለች?"

"አለች አባባ። እሷ ብቻ አይደለችም፣ ከኋላዋ መንጋ አለ።"

"በዓይንህ አይተሃታል?"

ገመዳ እነዚያን ሁሉ ምሽቶች ዘለላውን ያየው ካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ነው። ዓይኑን አስጠግቶ አንድ ቀን እንኳ አላየም።

"በካሜራው ነው" አለ።

"ቱሉ ካሜራ አልነበረውም። ሂድና በዓይንህ እይልኝ።"

ያን ምሽት መብራቱ በተራው ሲጠፋ፣ ገመዳ አባቱን በርጩማቸው ላይ አስቀምጦ ካሜራውን ነቀለ። በቦታው መመልከቻውን ገጥሞ አጎነበሰ። ለካሜራ የተስተካከለው ለዓይን አይሆንምና የሚታየው ብዥታ ብቻ ነበር። ምስሉን የሚያጠራውን ቁልፍ ወዲህ ሲለው ባሰበት፤ ወዲያ ሲለው አንድ የተበተነ ብርሃን መሰብሰብ ጀመረ። ገና ሲሰበሰብ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ "መጣ!" ብሎ ጮኸ። ከአጥሩ ባሻገር ያለው የመንገድ መብራት ቦግ አለና ቱቦው ውስጥ ወተት የተደፋበት መሰለ።

"መጣ እንዴ?" አሉ ሽማግሌው።

"መጣ።"

"አየሃት?"

ገመዳ ዓይኑን ከነጩ ብርሃን ላይ አላነሳም። "አየኋት አባባ።"

"ሰባት?"

"ሰባት።"

ሽማግሌው ግድግዳውን ዳስሰው ተነሡ። "እንግዲያው ነገ ቱሉ መቃብር ትወስደኛለህ" አሉ። አንዲት ነገር እንኳ አልጠረጠሩትም።