አማችና ፍሪሲዮን

የቮልሷ ሞተር ከጠዋት ጀምሮ ከሆዷ ወጥቶ ካርቶን ላይ ተኮፍሷል። ቢሩክ አጠገቡ ተንበርክኮ አዲሱን የፍሪሲዮን ዲስክ እያገላበጠ ያያል። የሚስቱ አባት ጋሼ አረጋዊ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ይቆጣጠሩታል። የቡልቡላው ኮንዶሚኒየም ግማሹ በረንዳ ላይ ወጥቷል። አማትና አማች አንድ መኪና ሲጠግኑ ከማየት የበለጠ የቅዳሜ መዝናኛ ከየት ይመጣል!

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እሁድ ነው። ጋሼ አረጋዊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቮልሷን ከእሳቸው በቀር ማንም ነድቷት አያውቅም። ለቢሩክ ግን፣ ቤዛዊትን ባገባ በስምንተኛ ወሩ፣ ቁልፉን ሰጡት። እሱም በዚያ የመንገድ መጨናነቅ ከኦሎምፒያ እስከ ቡልቡላ ግራ እግሩን ከፍሪሲዮኑ ሳያነሳ መጣ። የተቃጠለ ሽታ ቀድሞት ሰፈር ገባ። አማቱ አልተቆጡም። «ያጋጥማል» ብቻ ብለው ቁልፉን ከእጁ ወሰዱ። ምነው በጮሁበት! ዛሬ መኪናዋን በገዛ እጁ ካላዳናት፣ ሰውዬው ዳግመኛ ምንም ነገር አምነው እንደማይሰጡት ገብቶታል።

«ያበጠው ጎን ወደ ሞተሩ!» አሉ ጋሼ አረጋዊ በጣታቸው እያመለከቱ።

ቢሩክ ቀና አለ። ቦሌ ለሚ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት ማሽን ሲጠግን የሚውል ሰው ነው፤ ብረት ከብረት እንዴት እንደሚገጥም ዓይኑ ያውቃል። ያበጠው ጎን መዞር ያለበት ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ነው፤ ወደ ሞተሩ ከዞረ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ማርሽም አይገባም። አሮጌው ዲስክ ሲወጣም እንደዚያው ነበር፣ በዓይኑ በብረቱ አይቶታል። ግን የሚስት አባት፣ ያውም ሰፈርተኛ እያየ፣ ያውም ራስህ ያቃጠልከው ፍሪሲዮን ላይ፣ «ተሳስተዋል» ይባላሉ?

«እሺ ጋሼ» አለና፣ በልቡ ራሱን እየሰደበ ገጠመው።

ሞተሩን በክሪክ አንስተው መለሱት፤ አራቱንም ብሎኖች አጠበቁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ አረጋዊ መሪውን ይዘው አስነሱ። ቮልሷ አንዴ ስታጓራ በረንዳው ሁሉ አጨበጨበ። ማርሽ ሊያስገቡ ሲሉ ግን ብረቱ ተንቋቋ። ደገሙት። ባሰበት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የሚያሰጡት ወይዘሮ ገንዘቤ አላስቻላቸውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! የማን ጥፋት ነው?»

«የኔ ነው!» አለ ቢሩክ ፈጥኖ። «ዲስኩን ገልብጬ ገጥሜው ነው።»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ከበረንዳው የምታየው ሚስቱ ቤዛዊት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ቢሩክ ከመኪናዋ ስር ገብቶ ብሎኖቹን እንደገና መፍታት ጀመረ፤ እዚያው ተደብቆ ቢያድር በወደደ።

ትንሽ ቆይቶ ካርቶኑ ተንኮሻኮሸ። አማቱ ከነጡረታቸው፣ ከነንጹሕ ሸሚዛቸው፣ አጠገቡ ተጋድመዋል።

«ታውቅ ነበር?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምኑን ጋሼ?»

«አታድርቀኝ!»

«አዎ... አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

«እርስዎን? እንዴት ብዬ!»

የሰውዬው ሆድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቢሩክ ደንግጦ ዞር ሲል እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ ነው። ጭንቅላታቸውን ከመኪናዋ ስር ብቅ አደረጉ።

«ገንዘቤ! ስሚ! ዲስኩን ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ! ይሄ ልጅ እኔን ለመሸፈን ነው የዋሸው!»

«ኧረ ወይ ጉድ!» አሉ ወይዘሮ ገንዘቤ፤ ልብሱን ትተው የበረንዳውን ብረት ተደገፉ።

ቢሩክ ጆሮው ድረስ ጋለ። አፈረ፤ ደግሞ ደስ አለው፤ የቱ እንደሚበልጥ አላወቀም።

ሞተሩ ዳግመኛ ወጣ። ዲስኩን ጋሼ አረጋዊ ራሳቸው ፈትተው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። ወዲህ አዞሩት፣ ወዲያ አዞሩት። ከዚያ ለቢሩክ ዘረጉለት።

«በል እንግዲህ» አሉ፤ እየቀለዱ አልነበረም። «በየት በኩል ነው?»