ሺፉ ለመባል የቸኮሉት ሰው

ቺዩ ላኦሺ ቅዳሜ ዕለት ሻይ እንዳቀርብላቸው መፍቀዳቸውን ስሰማ፣ ከደስታ ቀድሞ ልቤ የገባው ጥርጣሬ ነበር።

«ላኦሺ» በቻይና ለትምህርት ቤት መምህርም፣ ለሬዲዮ ዜና አንባቢም የሚባል ማዕረግ ነው። በእኛ የፖርሴሊን ሸክላ ሥራ ቤት «ሺፉ» ብሎ የሚጠራቸው ግን ተንበርክኮ ሻይ ያቀረበ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መምህሩ አባት ይሆናል፤ የአባት ገመና ደግሞ ከቤት አይወጣም። ይህን ስም ለመጥራት ለዓመታት ስማጸናቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «እጅሽ ገና ጥሬ ነው» የሚል ነበር። ታዲያ በዚህ ሳምንት እጄን ምን አበሰለው?

ማክሰኞ ዕለት ክዳኑ ባልተገጠመ ሣጥን ውስጥ አንድ ሳህን አይቼ ነበር። ሣጥኑ ላይ እንደተጻፈው፣ ለአንድ ሙዚየም የጥንት ነገሥታት ዘመን ቅርስ ተብሎ የተሸጠ ነው። ላዩ ላይ የሚዋኙት ሰማያዊ ዓሦች ጅራታቸው ወደ ግራ ይሾላል። እኔ ግራኝ ነኝ፤ እንዲያ አድርጎ ብሩሹን የሚያነሣ ሌላ ሰው በቤቱ የለም። ቀና ስል ቺዩ ላኦሺ በሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነበር።

«ምነው ፊትሽ እንደ ኮመጠጠ ጎመን ሆነ?» አለኝ የደቀ መዛሙርቱ ታላቅ ሼንግ። «ዕድልሽ በራ እኮ!»

«ወንድም ሼንግ፣ ያ ሳህን እኔ የሣልኩት ነው አይደል?»

ሼንግ ብሩሹን ማጠቡን ተወ።

«አንቺ ደግሞ! ሲከለክሉሽ ታለቅሻለሽ፣ ሲሰጡሽ ትጠረጥሪያለሽ። ቅዳሜ ሻይሽን አቅርቢ። ሰኞ የሙዚየሙ ሰው ስለ ሳህኑ ሊጠይቅ ሲመጣ ልጅ አባቷ ላይ አፏን አትከፍትም፤ አለቀ!»

ቅዳሜ እናቴ አዲስ ልብሷን ለብሳ ከእንግዶቹ ፊት፣ ከጀርባዬ ተቀመጠች። ሼንግ ጽዋውን አቀበለኝ፤ በሁለት እጄ ያዝሁት።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?» አሉ ቺዩ ላኦሺ። «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም ነበር።

«ሳልንበረከክ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰኞ ስለ ሳህኑ እውነቱን ይነግሯቸዋል?»

«ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።»

እናቴ ቀሚሴን ከኋላ ሳበችው። ከዚህ ቤት ሌላ የምመኘው ቤት አልነበረኝም፤ ልንበረከክ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቢሆንም እንደቆምሁ ጽዋውን አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት።

«ይጠጡ፣ ቺዩ ላኦሺ።»

ጽዋውን አልነኩትም። ዓይናቸው ፊቴን ትቶ ግራ እጄ ላይ አረፈ።