ሁለቱ ነጭ ድመቶች

ሉጥፊያ የጥንቸሉን ቁስል በጨው ውሃ እያጠበች ሳለ የግቢው በር ተደበደበ። ጥንቸሉ ደንግጦ ክንዷን ቧጠጣት። ሮጣ ስትወጣ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄዷል፤ ደጃፉ ላይ በገመድ የታሰረ ካርቶን ተቀምጧል። ስትፈታው አራት የድመት ግልገሎች አገኘች፤ አንዱ በሙቀት ታፍኖ ሞቷል።

"ቀዳዳ እንኳ ቢያበጁለት ምን ነበር?" ብላ ወደ ባዶው መንገድ ጮኸች።

በወሩ ውስጥ ይህ ሦስተኛው ካርቶን ነው። ነገሩ የጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ትሠራላቸው የነበሩ ፈረንጆች በሁለት ቀን ውስጥ ከካርቱም ጠቅልለው ሲወጡ ነበር። ሁለት ድመትና አንድ ኤሊ ጥለውባት ሄዱ። አንጀቷን በሏትና ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ወደተከራየችው ግቢ ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲያ "ሐበሻዋ ትቀበላለች" የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ዞረ። አሁን ከኤሊው ሌላ አሥራ አንድ ድመት፣ ስድስት ጥንቸልና ክንፉ የተሰበረ በቀቀን እጇ ላይ አሉ። ጥሎባት የሚሄድ ሞልቷል፤ አንድ ቀን የዓሣ ጭንቅላት ይዞ የመጣ ግን የለም።

አብራት የተከራየችው ሻይ ሻጯ ብርቅነሽ የሞተውን ግልገል አይታ ፊቷን አዞረች።

"እኛ ራሳችን በሰው አገር ተጠግተን ነው ያለነው። አንቺ ደግሞ ሌላ ታስጠጊያለሽ።"

"እኔ ጠራኋቸው?"

"በሩን አትክፈቺያ!"

"ካልከፈትኩማ ፀሐይ ይጨርሳቸዋል። ወላሂ ብርቄ፣ እኔም መሮኛል" አለችና ግልገሉን ልትቀብር አካፋ አነሳች።

ከቀትር በኋላ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ካርቶን ጣይ መስሏት በቁጣ ስትከፍተው አሠሪዋ ሲት ኢልሃም ቆመዋል። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ደነገጠች። ሉጥፊያ ሳምንቱን ሙሉ የምትውለው እሳቸው ቤት ነው፤ ኢቃማዋን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ በየዓመቱ ዋስ ሆነው የሚያሳድሱላትም ባለቤታቸው ናቸው።

"እህቴ ከጅዳ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች" አሉ ሴትዮዋ። "ልጆቹ ድመት ይወዳሉ። ያቺን ነጯን ልወስዳት ነው።"

ያቺን ነጯን አምና የሲት ኢልሃም ልጅ አንገቷን በሽቦ ጠፍሮ ሰገነት ላይ አስሯት ነበር። ሽቦው ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ሉጥፊያ በጉጠት ቆርጣ አወጣችላት። ያን ጊዜ ሴትዮዋ አፍንጫቸውን ይዘው "ይቺን ቆሻሻ ከቤቴ አውጪልኝ" ነበር ያሉት። አሁን ቁስሉ ድኖ ጠጉሯ ሸፍኖታል።

ሉጥፊያ ዞር ስትል ድመቷ የሴትዮዋን ድምፅ ሰምታ አልጋ ሥር ስትገባ የጅራቷን ጫፍ አየች። ግቢው ውስጥ አንዲት ሌላ ነጭ ድመት አለች፤ እሷ ግን መስማት ስለማትችል ከውሃው ጋን ሥር እንደተኛች ቀረች።

ሲት ኢልሃም ጎንበስ ብለው አነሷት። "ይኸው! ሌሎቹ ሲሸሹ እሷ አወቀችኝ።"

ሉጥፊያ ዝም ብትል ያቺ አልጋ ሥር የገባችው ትተርፋለች፤ ሥራዋም ኢቃማዋም ይቀጥላሉ። ሴትዮዋ ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ሄዱ። ሉጥፊያ የታያት ግን ሰገነቱ ነው። ይህች ድመት ሽቦ ይዞ ከኋላዋ የሚመጣን ልጅ ኮቴ እንኳ አትሰማም።

"ሲት ኢልሃም፣ እሷ የእርስዎ አይደለችም።"

"የቷ ናት ታዲያ?"

"የእርስዎ የሚሆን እዚህ የለም" አለችና ድመቷን ከክንዳቸው ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደቻት።

ሴትዮዋ የድመቷን ጠጉር ከክንዳቸው ላይ አራገፉ። "በማን ኢቃማ ነው እዚህ አገር የተቀመጥሽው?"

"በባለቤትዎ ነው። አልካድኩም።"

"እንግዲያው ነገ ደጄን እንዳትረግጪ። ወረቀትሽንም ሌላ ሰው ያሳድስልሽ።"

የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ብርቅነሽ ከክፍሏ ወጣች።

"አብደሻል? ለአንዲት ድመት ብለሽ? አንዷን ሰጥተሽ አትገላገይም ነበር?"

"የቷን?"

"የቷንም!"

"እሺ፣ አንቺ ምረጪልኝ።"

ብርቅነሽ ግቢውን ዙሪያውን ቃኘች። ዓይኑ የጠፋውን፣ እግሩ የተቆረጠውን፣ ጀርባው በፈላ ውሃ የተላጠውን አየች።

"ነገ ሻይ ስትሸጪ" አለች ሉጥፊያ ድመቷን እያወረደች፣ "ልብስ አጣቢ የሚፈልግ ካለ ጠይቂልኝ። ኢቃማ አሳዪ የማይል ይሁን እንጂ ከተማው ዳር ማዮ ሰፈር ድረስም ቢሆን እሄዳለሁ።"