መቃብሬን አሳየኝ

ወለተ ኢየሱስ ልጇን ዳግመኛ ያየችው የእሷን መቃብር ሲፈልግ ነው።

እሑድ ነበር። ከቀየት መንደር ወጣ ብላ ባለችው ኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሴቶቹ ከቅጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ከደብረ ብርሃን ከመጣ መኪና አንድ ጎልማሳ ወረደ፤ መልኩ የአገር ሰው፣ አረማመዱ የፈረንጅ። አበባ ይዟል። ሹፌሩ በኃይሉ እያስተረጎመለት የደብሩን አስተዳዳሪ መምሬ ቴዎፍሎስን አናገራቸው። መምሬ ሰምተው ሲያበቁ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

"ወለተ ኢየሱስ፣ እስቲ ወዲህ ነይ።"

ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች።

"ይህ ሰው ያኔ በጦርነቱ ወደ ባሕር ማዶ ከተወሰዱት ሕፃናት አንዱ ነኝ ይላል። የእናቴን መቃብር አሳዩኝ ነው የሚለው። ስሟ ማን ነበር ብዬ ብጠይቀው ወለተ ኢየሱስ አለኝ።"

ቀና ብላ አየችው። ባሏ ሳይሸብት ጦር ሜዳ የቀረ ሰው ነው፤ አሁን ያ ፊት ሸብቶ፣ አበባ ታቅፎ ከፊቷ ቆሟል።  

"አብነት" አለች። "መቃብሩ እኔ ነኝ በሉት።"

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ጦርነቱ ወደ መንዝ ተጠጋ። ገበያ በአውሮፕላን ይደበደባል፣ እህል ጠፍቷል፣ ወንዱ ሁሉ ተወስዷል። ወለተ ኢየሱስ ገና ልጅ እግር እናት ነበረች፤ አብነት አራት ዓመቱ ነው። ቅጣው የሚባል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጎረቤቷ ለእርዳታ ሰዎች ያስተረጉም ነበር። እሱ ነው ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ "ሕፃናቱን ኖርዌይ የሚባል አገር ቤተሰብ ይቀበላቸዋል፤ ጦርነቱ ሲያልፍ ይመለሳሉ፤ እዚህ ቢቀር በእጅሽ ላይ ነው የሚሞተው" ያላት። አምና ሰጠች። ልጁ እያለቀሰ ጣቷን አለቅም ሲል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ራሷ ናት።

በዓመቱ ጦርነቱ አለፈ። የሌሎቹ ልጆች ተመለሱ። ስለ እሷ ልጅ ግን ቅጣው ፊቱን አጥቁሮ መጣና፣ "ኩፍኝ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ" አላት። ፀጉሯን ተላጨች። ሕፃን ንጹሕ ነው፣ ተዝካር አያሻውም ቢሏትም እንቢ ብላ፣ ያላትን በግ ሁሉ አሳርዳ ደገሰች። ቅጣው በዚያ ድግስ በላ፤ ጠላውንም ጠጣ። ዕንባዋን በጥለቷ እየጠረገ፣ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ" አላት።

አሁን እቤቷ ተቀምጠው በኃይሉ የአብነትን ቃል እየተቀበለ ነገራት። ያሳደጉት ሰዎች ልጁን ወደዱት፤ የራሳቸው ሊያደርጉት ፈለጉ። እናቱ በሕይወት ካለች ያለ ፈቃዷ ሕጉ አይፈቅድም። ቅጣውን አስጠየቁት። ቅጣውም፣ "እናቱ ሞታለች፤ እኔው ራሴ በእጄ ቀበርኳት" ብሎ መሰከረ። ሰዎቹ የእሱን ውለታ ለመክፈል ሕፃን ልጁን ፀደንያን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እስከ ሐኪምነት አስተማሩለት። አሳዳጊ እናቱ አምና ልትሞት ስትል ነው የእናቱን፣ የደብሩንና የቅጣውን ስም ነግራው፣ "ሂድና እናትህን ተሰናበታት" ያለችው።

ጎረቤቶች ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ወደ በኃይሉ ዞራ፣ "በእጄ ቀበርኳት ነው ያለው?" አለችው።

"አዎ እማማ። በእጄ ነው ያለው።"

"በል እሺ" አለች።

አብነት እሷ ዘንድ ሰነበተ። ቀን ቀን ሱፍ ስትፈትል አጠገቧ ይቀመጣል፤ ትስቅለታለች፤ ይስቅላታል። ከዚያ ወዲያ የሚባባሉት የለም። ልጆቹን በስልክ አሳያት፤ ስማቸው አፏ ውስጥ አልገባ አለ። አንድ ቀን ዓይኗን አይቶ ነው መሰል፣ በበኃይሉ አፍ፣ "እኔ የመጣሁት ለአንቺ ነው፤ ሰውዬውን ተይው" አላት።

"እሱስ እናቱን አገኘ" አለችው ለበኃይሉ፣ አብነትን እያየች። "እኔ ግን ልጄን አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ሴት ያሳደገችውን ሰው ነው። አማርኛውን ማን በላው? ይህን ንገረው።"

በኃይሉ አንገቱን ደፋ። ለአብነት ምን ብሎ እንደተረጎመለት አላወቀችም።

ቅጣው ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ የሚኖር የተከበረ ሽማግሌ ነው። የአብነትን መምጣት በሰማ ማግስት ገስግሶ መጣና እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ "ተመስገን! ሞተ ብለውኝ ነበር እኮ!" ብሎ አቀፋት። እሷም ሳመችው፤ ደጋግማ ሳመችው፤ ዳቦ ቆርሳ አበላችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ግን ለመውጋት ቀን አለው።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ታቦቷ ገብታ፣ ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ ተቀምጧል። ቅጣው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በግንብ ስላሠራ ካባ ሊደረብለት ነው። ልጁ ዶክተር ፀደንያ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከጎኑ ተቀምጣለች። ካባው ትከሻው ላይ እንዳረፈ ወለተ ኢየሱስ ተነሳች።

"አባቶቼ፣ አንድ ቃል ይፈቀድልኝ።"

"ተናገሪ" አሉ መምሬ። ምን እንደምትል ያወቁ ይመስላሉ፤ አላስቆሟትም።

"ቅጣው" አለች። አቶም አላለችው፣ እርስዎም አላለችው፤ ሰዉ ሁሉ ልብ አለ። "መቃብሬን አሳየኝ።"

"ምን አልሽ?"

"በእጄ ቀበርኳት ብለሃል። ቀባሪ ቦታውን አይረሳም። ከጥዱ ሥር ነው? ከቤተልሔሙ ጀርባ ነው? እኔም ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ማረፊያዬን ልወቀው። ተነስና ምራን።"

ቅጣው ሊስቅ ሞከረ። የሳቀለት የለም። አብነት መጥቶ ከእናቱ ጎን ቆመ። "ጊዜው ጦርነት ነበር" አለ ቅጣው። "ለልጁ ብዬ ነው። ይኸው፣ በደህና አድጓል!"

"ለልጁ ብለህ እኔን ገደልከኝ፤ ይሁን። ልጁንስ ለማን ብለህ ገደልከው? ተዝካሩን ለማን ብለህ በላህ?"

 የቅጣው ዓይን ሳያስበው ወደ ፀደንያ ሸሸ። ወለተ ኢየሱስ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ያሰበችው እሱን በሰው ፊት ማዋረድ ብቻ ነበር፤ ዓይኑ የሸሸበትን ስታይ ግን የሚያመው የት እንደሆነ አወቀች። ልጅቷ አንዳች ጥፋት እንደሌለባትም ታውቃለች። እያወቀች ዞረችባት።

"አንቺ ልጄ፣ ያስተማረሽ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ። በእኔ ሞት ነው የተማርሽው። አባትሽ የእኔን ልጅ ሰጥቶ የአንቺን ወረቀት አመጣ።"

ፀደንያ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "አባዬ፣ እውነት ነው?"

ሐሰት ነው ቢላት ምናልባት ታምነው ነበር። እሱ ግን፣ "ለአንቺ ብዬ ነው" አላት።

 ልጅቷ ዕቃዋን አንስታ፣ በሕዝቡ መሐል አልፋ ወደ መኪናዋ ሄደች። "ፀዲ! ፀዲ!" እያለ ተከተላት፤ ካባው ከትከሻው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ያነሳለት አልነበረም።

የወለተ ኢየሱስ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ልጇ ከተወሰደ ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

አብነት ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ፀደንያ የአባቷን ስልክ ማንሳት ተወች። ቅጣው በክረምቱ ታመመና ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ደጇ ላይ ተንበረከኩ።

"ድንጋዩን አውርዱ፣ አንገታችሁን ያማችኋል" አለቻቸው። "ለእሱ ጥፋት እናንተ ምን አደረጋችሁ? ይቅር አላልኩም።"

መምሬ ቴዎፍሎስ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። "ቂም ይዞ መቁረብ የለም፣ ወለተ ኢየሱስ። ነፍስሽንም አስቢ።"

"አባ፣ ከደጅ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ኪዳነ ምሕረት የእናት ሆድ ታውቃለች።"



በመስከረም አጋማሽ ፀደንያ መጣች። ከስታለች። ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባ አለች።

"ግቢ እንጂ።"

"ከገባሁ እንደ እንግዳ ያስተናግዱኛል፤ አይገባኝም። እትዬ ወለተ፣ አባቴ ሊሞት ነው። ልየው ወይስ ልተው? ሌላ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።"

ወለተ ኢየሱስ እንዝርቷን አስቀመጠች። አትሂጂ ብትል ይህች ልጅ እንደማትሄድ ገባት፤ ቅጣውም በር በር እያየ እንደሚሞት። ያን ቃል ምላሷ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች። ጣፈጣት። ግን ልጅቷ እጇን ስታፋትግ አየች፤ ጣቶቿን አየች።

"ሂጂ" አለቻት በመጨረሻ። "አባትሽ ነው፤ እጁን ያዢው። ግን አንድ መልእክት ታደርሺልኛለሽ። ወለተ ኢየሱስ ይቅር አላለችህም በይው። በራስሽ አፍ በይው። እሱም የእኔን ሞት በራሱ አፍ ነው የተናገረው።"

"እሺ" አለች ፀደንያ። ዕንባዋ ወረደ። "እነግረዋለሁ።"

ነገረችውም። ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ አሉ፤ እጇን ግን እስኪሞት አለቀቀም።

ወለተ ኢየሱስ ቀብሩ ላይ ከሕዝቡ ጋር ቆመች፤ መቅረት ትችል ነበር፣ ማየት ፈለገች። መምሬ፣ "ወንድማችሁን ይቅር ይበልህ በሉት" ሲሉ ሰዉ ሁሉ፣ "እግዚአብሔር ይቅር ይበለው" አለ። እሷ ከንፈሯን ገጠመች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች አይተዋታል። ይዩ።

በማግስቱ አብነት ደወለ። ከሄደ ወዲህ አማርኛ ይማራል፤ ቃሉን እንደ ጥሬ እየቆረጠመ ነው የሚያወራው።

"እማዬ። ደህና... አደርሽ?"

"ደህና ነኝ ልጄ። ቅጣው ሞተ።"

ቃሉን ሲፈልግ በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ተሰማት።

"ነፍስ ይማር" አለ፣ በትክክል።

ይህን ማን እንዳስተማረው አላወቀችም። ልትቆጣው ነበር፤ ሳቋ ግን ቀደማት፣ ዕንባም ተከተለው።

"አንተ በል" አለችው። "እኔ ገና ነኝ።"