በሣህሉ ራስ ውስጥ የሚወርደው ጎርፍ

«በሳቢያን ሰፈር እንደኔ ሕፃን የሚያስተኛ ካለ ይምጣ» አለች ኑሀሚን ለባጃጅ ነጂው። ሳይጠይቃት ነው። የእህቷ ልጅ ሣህሉ፣ የአራት ወሩ ጎረምሳ፣ ደረቷ ላይ ለጥ ብሏል። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁማ እሱን መያዝ ከጀመረች ወዲህ ይህን ሙያዋን ያልሰማ ጎረቤት የለም። ጡጦ አፉ ላይ አድርጋ ካንጎራጎረችለት፣ ግማሹን ሳይጠጣ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደዋል።

እናቱ ፍቅርአዲስ ግን ዛሬ ከምትሠራበት ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈቃድ ወስዳ የወጣችው ለኑሀሚን ልታጨበጭብ አይደለም። ልጁ ሲጠባ ላብ ያጠምቀዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ በቅርቡ የገዛችለት ኮፍያም ጠብቦት አናቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀርቷል።

የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ሲሻገሩ ኑሀሚን ጆሮዋን የሣህሉ ራስ ላይ አሳረፈች። ከድልድዩ ሥር ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው። እዚህ ጆሮዋ ሥር ግን ጎርፉ ይወርዳል፤ ሹው... ሹው... ይላል። የሆነ ተራራ ላይ ዘንቦ ውሃው በዚህ ልጅ በኩል የሚያልፍ ይመስላታል። ዓይኗን ጨፈነች። ሙቀቱም፣ ጥሩንባውም፣ የፍቅርአዲስ ጭንቀትም ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ራቁ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር ፋርሒያ የልጁን ልብ አዳመጠች። ልቡ ከአቅሙ በላይ እየሠራ እንደሆነና ምክንያቱ ግን ከልቡ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው።

«ጭንቅላቱ ውስጥ ጎርፍ አለ» አለች ኑሀሚን። «ደቻቱ ሲሞላ እንደሚጮኸው።»

«አቦ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?» አለች ፍቅርአዲስ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ማዳመጫውን የሣህሉ ራስ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ እርግብግቢቱ ላይ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አሳረፈች። ጥቁሩ ስክሪን መሃል ቀይና ሰማያዊ እየተቀላቀለ ተሽከረከረ። ኑሀሚን በሕልሟም እንዲህ የሚያምር ነገር አይታ አታውቅም።

ጭንቅላቱ ውስጥ ከልብ ደም የሚያመጣው የደም ሥር ደም ከሚመልሰው ጋር ያለ ቦታው በቀጥታ ተገናኝቷል፤ ጎርፉ በዚያ የሚሮጠው ደም ነው። ዶክተሯ እንዳስረዳቻቸው፣ አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች በጭኑ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ጭንቅላቱ ድረስ ወስደው መገናኛውን ይደፍኑታል። አደጋ አለው። መዘግየቱ ግን ይብሳል፤ ልቡ አይችልም።

«ግን እንቅልፉ እኮ ጥሩ ነው» አለች ኑሀሚን። «እኔ ሳስተኛው...»

«የሚጠባበት ጉልበት እያጣ ነው የሚተኛው» አለች ዶክተሯ በቀስታ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኑሀሚን ባጃጅ ውስጥ አላንጎራጎረችም።

ሣህሉ አዲስ አበባ ሲታከም ሰንብቶ ሲመጣ፣ ሐኪሞቹ ለቀረው ሕክምና ገና ይመለሳል ቢሉም፣ ጡጦውን እስከ ጠብታው ጠጥቶ ሌላ አምጡ ብሎ ይጮህ ጀመር። ኑሀሚን ጆሮዋን ራሱ ላይ አደረገች። ጎርፉ የለም ማለት ይቻላል። ትንሽ ናፈቃት፤ ወዲያው አፈረች። ያንን ዘፈን ጀመረችለት። ባሰበት። ድምፅ ጨመረች። እሱም ጨመረ።

ለማስተኛት የምታደርገውን ተወችና ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ጎረቤት ይስማ።

«በሳቢያን እንደኛ ልጅ የሚጮህ ካለ ይምጣ!»

ፍቅርአዲስ ለፈረቃዋ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ዘፈንሽን ሰምቶ ነው አቦ። ዝም ስትዪ ይተዋል።»