መቶ አርባ ስምንት ምት

የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን የምናቀርብበት ቀን ጠዋት ቁርስ አልበላሁም። እናቴ የሺዓለም ፍርፍር ይዛ እስከ በር ብትከተለኝም ከአፍንጮ በር እየሮጥኩ ፒያሳ ወረድኩና በባዶ ሆዴ ሁለት ማኪያቶ ጠጣሁ። ፈርቼ አልነበረም። ሰው ሁልጊዜ በዚህ ይሳሳትብኛል። እኔ ስደሰት ነው እንዲህ የምሆነው፤ ወሬዬ ይፈጥናል፣ ቁጭ ማለት ያቅተኛል።

ጓደኛዬ አብዱልመሊክ መሣሪያችን ያለበትን ካርቶን አቅፎ፣ ባንኮኒውን ተደግፎ ያየኛል። ሁለታችንም የባዮሜዲካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን።

«ናዙ፣ አቦ ተረጋጊ! የሠራነው እኮ የልብ ምት መከታተያ ነው እንጂ ሮኬት አይደለም» አለኝ።

«ለእኔ ከሮኬት ይበልጣል!» ስል ማኪያቶ ጠጪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ይበልጣላ! ይህን ትምህርት ስመርጥ ሰፈሩ ግራ ተጋብቶ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አባይነሽ «ታዲያ የሰው ሐኪም ነሽ የማሽን?» ብለው ጠየቁኝ። «የማሽን» ስላቸው «አይ ልጄን! እሱንማ ጋራዥም ይሠሩታል» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ። ለልምምድ የተላክሁበት ሆስፒታል ውስጥ ያየሁትን እሳቸው አላዩም። በአንድ ክፍል ላሉት በሽተኞች ሁሉ ያለው የልብ መከታተያ አንድ ብቻ ነው፤ ነርሶቹ ከአልጋ አልጋ ሲያዞሩት ይውላሉ። ዕቃ ቤቱ ግን ከውጭ በእርዳታ መጥተው፣ መለዋወጫ አጥተው በቆሙ ማሽኖች ጢም ብሏል። የእኛ መሣሪያ ቢበላሽ እዚሁ ከተማ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ይጠገናል። የታካሚው ሁለት እጅና አንድ እግር ላይ ሆነው ምቱን የሚቀበሉት እንኳ የልብስ መቆንጠጫዎች ናቸው፤ ውስጣቸው ብረት ለጥፈንባቸዋል። ፈታኞቹ ከተቀበሉት ሆስፒታል ገብቶ ይሞከራል። ካልተቀበሉት ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል።

የሚያሰጋን አንድ ነገር ነበር። እያንዳንዱ የልብ ምት ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ጉብታ ይሠራል፤ ከኋላው ደግሞ ትንሽ ጉብታ ትከተላለች። ባለፈው ግምገማ ላይ ያ የተረገመ መሣሪያ ሁለቱንም ቆጥሮ የአብዱልመሊክን ልብ በእጥፍ እንደሚመታ አስመስሎ አዋረደን። ከዚያ ወዲህ ስንታገለው ከርመን አስተካክለነዋል። ወይም ያስተካከልነው መስሎናል።

አምስት ኪሎ ግቢያችን ስንደርስ ፈታኞቹ ቦታቸውን ይዘዋል። መሃል ላይ የተቀመጡት ያን ስህተት የያዙብን መምህራችን ዶክተር ተክላይ ናቸው። በቀኛቸው ከሆስፒታሉ የተጋበዙት ነርስ፣ ሲስተር ጽጌማርያም፣ ቀሚሳቸው ላይ ሰዓት አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

የተስማማነው እኔ ላብራራ፣ አብዱልመሊክ ታካሚ ሊሆን ነበር። የእሱ ልብ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ዓለም ቢገለበጥ አይቸኩልም። ገና መቆንጠጫውን ሳነሳ ዶክተር ተክላይ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ይሄን መሣሪያ በማን ልብ ነው ስትሞክሩት የከረማችሁት?»

«በእሱ» አልኩ።

«እንግዲያው እሱን ለምዶታል። አንቺ ተቀመጪ፤ እሱ ያብራራ።»

ተቀመጥኩ። አብዱልመሊክ መቆንጠጫዎቹን አደረገልኝ። መሣሪያው ጢው ጢው እያለ ጥቂት አሰበና ቁጥሩን አወጣ።

«መቶ አርባ ስምንት» አሉ ዶክተር ተክላይ ቀስ ብለው። «ለሁለት ሲካፈል ሰባ አራት። ወንበር ላይ ቁጭ ላለች ጤነኛ ልጅ ትክክለኛው ይሄ ነበር። አሁንም እጥፍ ይቆጥራል ማለት ነው።»

አብዱልመሊክን አየሁት። እሱ ደግሞ ለክፉ ቀን የምትሆን ትንሽ ውሸት እንኳ የለውም። «ሊሆን ይችላል፣ ዶክተር» አይል መሰላችሁ! ደሜ ፈላ።

«አይችልም!» ብዬ ጮህኩ። «ይቅርታ ዶክተር፣ እርስዎ ላይ መጮኼ አይደለም። መሣሪያው ልክ ነው። እንዲህ የሚሮጠው የእኔ ልብ ነው። ደስ ብሎኝ ነው!»

«ደስ ብሎሽ?»

«ከትናንት ጀምሮ!»

ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳቁ። ዶክተር ተክላይ አልሳቁም። ድምፁን አጠፉና ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩት። «ሲስተር፣ እባክዎ በእጅ ይቁጠሩልን» አሉ።

ሲስተር ጽጌማርያም መጥተው ሁለት ጣታቸውን አንጓዬ ላይ አሳረፉና ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ልቡ እንዲረጋጋለት ይጸልያል፤ እኔ እንዳይረጋጋብኝ ጸለይኩ። ሩጪ፣ እባክሽ ሩጪ አልኳት ልቤን። ቀስ ብትልም መሣሪያው አብሯት ይወርድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ማን አስቦት።

ሲስተር ጣታቸውን አነሱ። «ሰባ ሦስት» አሉ።

ዶክተር ተክላይ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አላልኳችሁም?»

አብዱልመሊክ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ እንባዬ መጣ። አልጋ ለአልጋ የሚዞረው ያ አንድ ማሽን ዓይኔ ላይ ድቅን አለና ሁሉም ነገር ያለቀለት መሰለኝ።

ሲስተር ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን፣ አንዴ ዶክተሩን አዩ። «ምን ሆናችሁ? የግማሽ ደቂቃውን እኮ ነው የነገርኳችሁ! እኛ ግማሽ ደቂቃ ቆጥረን ነው የምናጥፈው። እናንተ ሙሉውን ትቆጥራላችሁ እንዴ?»

ዶክተር ተክላይ ዝቅ ብለው ስክሪኑን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«ሰባ ሦስት ሲታጠፍ መቶ አርባ ስድስት» አሉ። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞሩት። መቶ አርባ ስድስት ይላል።

«ቁርስ በልተሻል፣ ልጄ?» አሉኝ ሲስተር።

«ሁለት ማኪያቶ» አልኩ።

«በይ ውኃ ጠጪ!»

ዶክተር ተክላይ ግን በዚህ የሚለቁ ሰው አይደሉም። የመሣሪያውን ድምፅ መልሰው ከፈቱና አብዱልመሊክን በጥያቄ አጣደፉት። እሱም ነፍስ ዘርቶ አንድ በአንድ መለሰላቸው። እኔን ግን ሁሉም ረስቶኛል፤ መቆንጠጫዎቹን እንዳደረግኩ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ፈታኞቹ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ።

«ሲስተር ጽጌማርያም በሳቸው ክፍል ይሞከር ብለዋል» አሉ ዶክተር ተክላይ። «እኔም ተስማምቻለሁ። ጥሩ ሥራ ነው።»

እኛ ቤት ሰው ሲመሰገን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀበለው፤ ትልቅ ሰው ፊት መፈንጠዝ ነውር ነው። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ጥርሴን እንዳላሳይ ከንፈሬን ነክሼ፣ የጨዋ ልጅ ሆኜ፣ በቀጭን ድምፅ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

ጢው ጢው የሚለው ድምፅ ፈጠነ፤ እየፈጠነ ሄደ፤ መለየት እስኪያቅት ተያያዘ። ምቱ ከመቶ ስልሳ ሲያልፍ ነርስ እንዲጠራ ብለን የሠራነው አላርም ድንገት ለቀቀውና ክፍሉን አናጋው። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊቴን በምን ልሸፍነው? ሁለቱም እጆቼ ታስረዋል።

አብዱልመሊክ ሊያጠፋው ሲዘል ዶክተር ተክላይ ክንዱን ያዙት። የእሳቸውን ጥርስ ያኔ ገና ማየቴ ነበር።

«ተወው» አሉት። «ልክ ነው፤ ይጩኽ።»